ዲል ወይስ ዌልስ? የዋሽንግተን ዲሲ ሚድል ስኩሎችን ለማወዳደር

ጥያቄው በአጭሩ፦ «ዲሲ፣ ብራይትውድ ሰፈር እንኖራለን። ልጄ ብራይትውድ ኤለመንተሪ 5ኛ ክፍል ናት፤ ለከርሞ ሚድል ስኩል ትገባለች። የሚደርሳት አይዳ ቢ ዌልስ ነው። ቤት መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ የዌልስ ነጥብ ዝቅ ያለ፣ የአሊስ ዲል ከፍ ያለ ነው። ሎተሪ ከሞላሽ የሰፈርሽን ቦታ ታጫለሽ ይሉኛል። ባለቤቴ ከሮክ ክሪክ ፓርክ ማዶ ዲል የሚደርስበት ሰፈር እንከራይ ይላል፤ በወር 700 ዶላር ይጨምርብናል። ልጄ በዓመቱ ፈተና በሒሳብ 752፣ በእንግሊዝኛ 738 አምጥታለች። እዚሁ ተወልዳ፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፋ እየተናገረች፣ እስካሁን ከኢ-ኤል (እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማሩ ልጆች ከሚሰጠው ድጋፍ) አልወጣችም። ላስወጣት? የትኛውስ ትምህርት ቤት ይሻላታል?»

የሎተሪው ወሬ ስሕተት ነው። በዲሲፒኤስ (የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መሥሪያ ቤት) ሥር፣ ከኪንደርጋርተን እስከ 12ኛ ክፍል፣ በአድራሻዎ የሚደርስዎት ትምህርት ቤት መብትዎ ነው፤ ሎተሪ ሞሉም አልሞሉም ቦታው አይነካም። ማይ ስኩል ዲሲ የሚባለው ሎተሪ የሚያስፈልገው ከመብትዎ ውጭ የሆነ ትምህርት ቤት ወይም ቻርተር (ከዲሲፒኤስ ውጭ ራሱን ችሎ የሚተዳደር ነፃ የሕዝብ ትምህርት ቤት) ሲፈልጉ ነው። ከአድራሻ ሌላ ሁለተኛ መብትም አለ። እያንዳንዱ ኤለመንተሪ ተማሪዎቹን የሚያስተላልፍበት ሚድል ስኩል አስቀድሞ ተወስኗል፤ ፊደር የሚሉት ይህንን ነው። ብራይትውድ፣ ዊቲየርና ታኮማ ወደ ዌልስ፣ ጃኒ፣ መርች፣ ላፋዬትና ሼፐርድ ደግሞ ወደ ዲል ያስተላልፋሉ። ኤለመንተሪውን ከሌላ ሰፈር በሎተሪ ገብቶ የጨረሰ ልጅም ይህ መብት አለው። የእርስዎ ልጅ በአድራሻም በትምህርት ቤትም ወደ ዌልስ ናት።

ሚድል ስኩል ሲመርጡ ሃይስኩልም እየመረጡ መሆኑን አይርሱ። ከዌልስ ወደ ኩሊጅ፣ ከዲል ወደ ጃክሰን ሪድ (እስከ 2022 ዊልሰን ይባል የነበረው)፣ ከማክፋርላንድ ወደ ሩዝቬልት፣ ከሃርዲ በ2023 ወደተከፈተው ማክአርተር በመብት ይታለፋል። ዲል በሎተሪ የገባች ልጅ ጃክሰን ሪድን ያለ ሌላ ሎተሪ ታገኛለች። እንደ ባኔከር፣ ማኪንሊ ቴክና ስኩል ዊዝአውት ዎልስ ያሉት ግን በማመልከቻ ብቻ የሚቀበሉ ናቸው፤ ከየትኛውም ሚድል ስኩል ይገባባቸዋል፣ የ7ኛ ክፍል ካርድም ይቆጠራል። 7ኛ ክፍል ላይ ጥሩ ውጤት ያላት የዌልስ ልጅ በር አልተዘጋባትም።

አሁን ወደ ነጥቡ። ቤት መፈለጊያ ድረ ገጾች የሚያሳዩት ከ1 እስከ 10 የሆነ ነጥብ በአብዛኛው ግሬት ስኩልስ ከሚባል ድርጅት የሚመጣ ሲሆን፣ ከመንግሥት ፈተና ውጤት ይሰላል። ፈተናው ከ2024 ጀምሮ ዲሲ ኬፕ ይባላል፤ ቀድሞ ፓርክ ነበር። ውጤቱ ከ650 እስከ 850 ሲሆን 750 ሲደርስ ደረጃ 4 ይሆናል፤ «ብቁ» ተብለው የሚቆጠሩት ደረጃ 4 እና 5 ብቻ ናቸው። ከ725 እስከ 749 ያለው ደረጃ 3 ነው። ስለዚህ «30 በመቶ ብቁ» ማለት 70 በመቶው ወደቀ ማለት አይደለም። መስፈርቱ ከፍ ያለ ነው፤ በ2024 በመላ ከተማው በሒሳብ ደረጃ 4 የደረሱት ሩብ እንኳ አልሞሉም። ልጅዎ በሒሳብ መስፈርቱን አልፋለች፣ በእንግሊዝኛ 12 ነጥብ ይቀራታል።

የነጥቡ ዋና ችግር የትምህርት ቤቱን ሥራ ሳይሆን የተማሪዎቹን ቤት ኑሮ አብዝቶ መለካቱ ነው። አንድ ምሳሌ ላስላ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። ትምህርት ቤት ሀ ከተማሪዎቹ 80 በመቶው ኑሯቸው የተደላደለ ነው፤ ከእነዚህ 70 በመቶው ብቁ ናቸው፣ ከቀሩት ደግሞ 15 በመቶው። ድምሩ 59 በመቶ ይመጣል። ትምህርት ቤት ለ የተደላደሉት 40 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱ 68 በመቶው፣ ከቀሩት 18 በመቶው ብቁ ናቸው። ድምሩ 38 በመቶ ነው። በነጥብ ሲታይ ሀ ከለ እጅግ ይበልጣል። በየቡድኑ ሲታይ ግን የተደላደሉት ልዩነት 2 ነጥብ ነው፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ልጆች ጭራሽ በለ ይሻላቸዋል። ዲልና ዌልስም በተማሪ ስብጥር እንደዚሁ ይራራቃሉ። ዲሲ «አት ሪስክ» ብሎ የሚቆጥረው ቤተሰቡ የምግብ ዕርዳታ ወይም ታንፍ (ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጥ የገንዘብ ዕርዳታ) የሚያገኘውን፣ መጠለያ የሌለውንና በአሳዳጊ ሥር ያለውን ልጅ ነው፤ የእነዚህ ልጆች ድርሻ በዲል ትንሽ፣ በዌልስ ብዙ ነው። እርስዎ ማነጻጸር ያለብዎት የእርስዎን ልጅ የሚመስሉ ልጆች በሁለቱ ትምህርት ቤቶች ምን እንዳመጡ ነው። የከተማው የትምህርት መሥሪያ ቤት ኦሲ በሚያወጣው ዲሲ ስኩል ሪፖርት ካርድ ላይ ትምህርት ቤቱን ከፍተው ውጤቱን በቡድን ይዘርዝሩት፤ በገቢ፣ በዘር፣ በኢ-ኤል ተለይቶ ይገኛል። ከ10 ተማሪ በታች የሆነ ቡድን አይታይም፤ ባዶ ሳጥን ካዩ ምክንያቱ እሱ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ብዙ ወላጅ የሚስትበት የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። በ8ኛ ክፍል አልጀብራ 1 የሚወስድ ተማሪ የአልጀብራውን ፈተና እንጂ የ8ኛ ክፍል ሒሳብን አይፈተንም። 100 ተማሪ ካለ፣ 30ዎቹ አልጀብራ ተፈትነው 24ቱ ደረጃ 4 ቢያመጡ፣ ከቀሩት 70 ደግሞ 7ቱ ቢያመጡ፣ «8ኛ ክፍል ሒሳብ» የሚለው መስመር 10 በመቶ ያሳያል። የክፍሉ እውነተኛ ቁጥር 31 በመቶ ነው። በዚህ ምክንያት ጎበዝ ልጆቹን ወደ አልጀብራ ያሳደገ ትምህርት ቤት ከማያሳድገው ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሁለቱን መስመሮች በተፈታኝ ቁጥር ደምረው ያስሉ፣ ወይም የ6ኛ ክፍልን ሒሳብ ያነጻጽሩ፤ 6ኛ ክፍል ላይ ሁሉም አንድ ፈተና ይወስዳል።

የአንድ ዓመት ለውጥም አያስደንግጥዎ፣ አያስፈንጥዝዎም። በአንድ ክፍል 90 ተፈታኝ ካለና 30 በመቶው ብቁ ከሆነ፣ ወደ 10 ነጥብ ገደማ መውጣትና መውረድ በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ሦስት ዓመት አንድ አቅጣጫ ከያዘ ግን ቁም ነገር ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ ከዲል ይልቅ ለዌልስ ይበልጥ ይሠራል፤ ዲል ወደ 1,400 ገደማ ተማሪ አለው፣ ዌልስ የዚህን ግማሽ አይሞላም፣ የተከፈተውም በ2019 ነው።

ከብቃት መቶኛ በላይ የሚጠቅምዎት የዕድገት ቁጥር ነው። ሪፖርት ካርዱ ላይ ሚዲያን ግሮውዝ ፐርሰንታይል ይባላል። አሠራሩ፦ አንዲትን ልጅ ባለፈው ዓመት ከእርሷ ጋር ተመሳሳይ ውጤት ከነበራቸው የከተማው ልጆች ጋር ያወዳድራታል፤ 60 ካገኘች ከእነዚያ 60 በመቶውን በልጣለች ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ቁጥር የመካከለኛው ተማሪ ቁጥር ነው። 50 የተለመደው ነው፤ ከ55 በላይ ሆኖ ሁለት ሦስት ዓመት የዘለቀ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ከ45 በታች ሆኖ የዘለቀ፣ የብቃት መቶኛው ምንም ያህል ከፍ ቢል፣ በቤተሰብ ጉልበት የሚሄድ ነው። ሒሳብንና እንግሊዝኛን ለየብቻ ይዩ፤ በአንዱ ጠንክሮ በሌላው የሚደክም ትምህርት ቤት ብዙ ነው።

ወደ ኢ-ኤል ልምጣ፤ የልጅዎን ቀጣይ ሦስት ዓመታት ከትምህርት ቤቱ ስም እኩል የሚወስነው እሱ ነውና። ከኢ-ኤል የሚያስወጣው አክሰስ የሚባለው ዓመታዊ ፈተና ሲሆን በብርዱ ወራት ይሰጣል። ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት፤ ግን እኩል አይመዘኑም። ማንበብና መጻፍ እያንዳንዳቸው 35 በመቶ ሲይዙ፣ ማዳመጥና መናገር እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ብቻ ናቸው። እዚህ ተወልደው አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ልጆች ለዓመታት የሚቆዩት በዚህ ነው፤ መናገሩ ሞልቶ፣ መጻፉ ይጎድላል። የልጅዎ 738 ከዚሁ ጋር ይገጥማል። የአክሰሱን ወረቀት አውጥተው የመጻፍን መስመር ይመልከቱ፤ ከመናገሩ በአንድ ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ ችግሩ ተገኘ። ፍርዱ ያለው በምትጽፈው አንቀጽ ላይ ነው፤ ሐሳብ አስቀድሞ መግለጽ፣ ማስረጃ ማምጣት፣ ዓረፍተ ነገሮችን ማያያዝ።

ወላጅ አገልግሎቱን አልፈልግም ብሎ የመፈረም መብት አለው። አይፈርሙ። ቢፈርሙም ልጅዎ በመዝገብ ኢ-ኤል ትባላለች፣ አክሰስንም በየዓመቱ ትፈተናለች፤ የሚቀርባት የጽሑፍ ድጋፉ ብቻ ነው። ይልቅ ሚድል ስኩሉን የሚጠይቁት ትክክለኛ ጥያቄ ድጋፉ እንዴት እንደሚሰጥ ነው። የኢ-ኤል መምህሩ ወደ መደበኛው የእንግሊዝኛ ክፍል ገብቶ ከዋናው መምህር ጋር አብሮ የሚያስተምር ከሆነ ልጅዎ ምንም አይቀርባትም። ለብቻ በሆነ ክፍለ ጊዜ ከሆነ ደግሞ የሚተካው ምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚሠዋው ሙዚቃ፣ ሥዕል ወይም የውጭ ቋንቋ ነው። ይህ ከልጅዎ ፍላጎት ጋር ከተጋጨ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

በሪፖርት ካርዱ ላይ የኢ-ኤል ቡድን የብቃት መቶኛ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ቢያዩት አይሸበሩ። እንግሊዝኛው የበረታ ልጅ ከቡድኑ ይወጣል፤ በቡድኑ ውስጥ የሚቀሩት ገና ያልደረሱት ናቸው። ስለዚህ ለኢ-ኤል የሚነጻጸረው የአክሰስ ዕድገት የሚለው መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ ብዙ ኢ-ኤል ያስተማረ ትምህርት ቤት ጥቂት ካላቸው የተሻለ ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ መምህሩም፣ መጻሕፍቱም፣ ልምዱም እዚያ ነው።

ከወረቀት ያለፈውን በአካል ሄደው ይጠይቁ። ኤድፌስት በሚባለው የዲሴምበር አውደ ርእይ አብዛኛው ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ግን ፈገግታና ብሮሹር ነው የሚያገኙት። ትምህርት ቤቱ ራሱ በሚያዘጋጀው ጉብኝት ቀን ይሂዱ። የመጀመሪያ ጥያቄዎ፦ ባለፈው ዓመት ስንት የ8ኛ ክፍል ተማሪ አልጀብራ 1 ወሰደ፣ ስንቱ ደረጃ 4 አመጣ? ቀጥሎ፦ ወደ አልጀብራው መስመር የሚመደበው መቼና በምን ፈተና ነው? በ8ኛ ክፍል አልጀብራ ለመድረስ 7ኛ ክፍል ላይ መፍጠን ይጠይቃል፤ ምደባው የሚሠራው 6ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ያን ጊዜ ያላወቀ ወላጅ በኋላ አይደርስበትም። በ8ኛ አልጀብራ የጨረሰች ልጅ በ9ኛ ጂኦሜትሪ፣ በ10ኛ አልጀብራ 2፣ በ11ኛ ፕሪካልኩለስ ወስዳ በ12ኛ ካልኩለስ ትደርሳለች። ኢንጂነሪንግ ለሚያስብ ልጅ ይህ ሰንሰለት ዋና ነገር ነው። 752 ያመጣች ልጅ ለዚህ መስመር ተገቢ ናት፤ ኢ-ኤል በመሆኗ ከዚህ መስመር መቅረት የለባትም፣ ቀርታ ካገኙ ለምን ብለው ይጠይቁ።

ሌላው ጥያቄ የመምህራን ነው። የ6ኛ ክፍል ሒሳብና እንግሊዝኛ መምህራን ባለፈው ዓመትም ነበሩ? በዚህ ዓመት በተተኪ መምህር ከአንድ ወር በላይ የቆየ ክፍል አለ? ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ ቁጥር የሚሰጥ ርእሰ መምህር ትምህርት ቤቱን ያውቀዋል። «ቡድናችን ጠንካራ ነው» የሚል መልስ ግን መልስ አይደለም። ዌልስ ከኩሊጅ ሃይስኩል ጋር አንድ ግቢ ስለሚጋራ ወላጆች ትልልቆቹን ልጆች ይፈራሉ፤ የትኛው ክፍል የጋራ እንደሆነና መውጫ ሰዓታቸው ይጋጭ እንደሆነ ይጠይቁ። ከዚያ በተራ ቀን፣ ጉብኝት በሌለበት፣ በመውጫ ሰዓት በሩና አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ለግማሽ ሰዓት ይቁሙ። አዋቂ ሰው ውጭ ቆሞ ልጆቹን በስም እየጠራ ካዩ ጥሩ ነው። ሪፖርት ካርዱ ላይም ከእገዳ ቁጥር ይልቅ የመቅረት መጠንን ይመልከቱ። ከ180 የትምህርት ቀን 18 እና ከዚያ በላይ የቀረ ልጅ እንደ ከባድ ቀሪ ይቆጠራል፤ ይህ ቁጥር የበዛበት ክፍል መምህሩ ትናንት ያስተማረውን ዛሬ ይደግማል።

ለእነዚህ ጉዳዮች ሁሉ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጓት። በ2004 በወጣው የከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቱ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ አማርኛ በከተማው ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቀጠሮ ሲይዙ አስቀድመው «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ በስልክም ቢሆን ያገናኙዎታል።

ስለ ኪራዩ፦ 700 ዶላር በወር፣ በሦስት ዓመት 25,200 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ የሚገዛልዎት የዲልን መቀመጫና የጃክሰን ሪድን መብት ነው፤ እውነት ነው፣ ሁለቱም ዋጋ አላቸው። ዲል የኢንተርናሽናል ባካሎሬት የመካከለኛ ዓመታት ፕሮግራም አለው፣ ትልቅ በመሆኑም የትምህርትና የክለብ ምርጫው ሰፊ ነው። ግን ትልቅነቱ ሁሉንም ልጅ አይስማማም፤ ዝምተኛ ልጅ በ1,400 መሐል ሳትታይ ልታልፍ ትችላለች። መከራየት ካለብዎት ውል ከመፈረምዎ በፊት ትክክለኛውን የቤት ቁጥር በዲሲፒኤስ የወሰን መፈለጊያ ላይ ይጻፉ፤ ወሰኑ ዚፕ ኮድንም ዋርድንም አይከተልም፣ አከራይ «ዲል ነው» ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። የዘመድ አድራሻ መዋስ ግን አይታሰብ። በተለይ ሜሪላንድ እየኖሩ በዲሲ አድራሻ ማስመዝገብ ሲታወቅ የሁሉንም ዓመታት የትምህርት ክፍያ ያስከፍላል፣ ፍርድ ቤትም ያቆማል።

የሎተሪው አሞላል ቀላል ነው፤ ሰዎች ብልጥ ለመሆን ሲሞክሩ ያበላሹታል። ማመልከቻው ዲሴምበር አጋማሽ ገደማ ይከፈታል፣ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት ማርች መጀመሪያ ላይ ይዘጋል፤ ቀደም ብሎ መሙላት ዕድል አይጨምርም። እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ይጻፋል። «ዲል ከባድ ስለሆነ ሁለተኛ ላድርገው» ማለት ዋጋ የለውም፤ ሥርዓቱ የተሠራው በልብዎ እንደሚፈልጉት ሲደረድሩ እንዲጠቅምዎት ነው። ከደረሰዎት ትምህርት ቤት በላይ የጻፏቸው ጋ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ፣ ከበታቹ ካሉት ይወጣሉ። ስለዚህ ከዌልስ የማይሻልዎትን ትምህርት ቤት አይጻፉ፤ ዌልስ አስቀድሞ በእጅዎ ነው። ዌልስ ቢያስመዘግቡም በተጠባባቂነት መቆየት ይችላሉ። ዲል በ6ኛ ክፍል ለውጭ ሰፈር ልጆች የሚከፍተው መቀመጫ እጅግ ጥቂት ነው፤ ማይ ስኩል ዲሲ ያለፉትን ዓመታት መቀመጫና የተጠባባቂ ቁጥር በየክፍሉ ስለሚያወጣ ሳይሞሉ በፊት ይዩት።

ማክፋርላንድን የሚያስቡ ከሆነ፣ የስፓኒሽ ጥምር ቋንቋ ክፍሉ ቋንቋውን ቀድሞ ለሚያውቅ ልጅ ነው፤ ከ6ኛ ክፍል ተነሥቶ ለሚጀምር አይደለም። ከቻርተሮቹ ዋሽንግተን ላቲንና ቤሲስ የሚጀምሩት ከ5ኛ ክፍል ነው፤ ለ6ኛ የሚተርፈው መቀመጫ ትንሽ ነው። ዲሲ ኢንተርናሽናል ከ6ኛ ይጀምራል፣ ግን አብዛኛው መቀመጫ ለአባል ኤለመንተሪዎቹ ልጆች ነው።

ጉዞውንም ያስሉ። ዲሲ ለመደበኛ ተማሪ ቢጫ አውቶቡስ የለውም፤ ያለው ኪድስ ራይድ ፍሪ የሚባለው የሜትሮና የአውቶቡስ ነፃ ካርድ ነው። ከብራይትውድ ወደ ዲል ሮክ ክሪክ ፓርክን አቋርጦ በአውቶቡስ መሄድ ግድ ነው። ከመወሰንዎ በፊት በሥራ ቀን ጠዋት ከልጅዎ ጋር አንድ ጊዜ ይሂዱበት፤ በክረምት ጨለማ፣ አውቶቡስ ሲያመልጥ፣ ከትምህርት በኋላ ክለብ ሲኖር ማን እንደሚያመጣት ይወስኑ።

ምክሬ ይህ ነው፦ አይከራዩ። ዌልስን መሠረት ያድርጉ፣ ጉዞውን ከቻሉት ዲልን በሎተሪው አንደኛ ይጻፉ፣ ከዚያ በእውነት ከዌልስ የሚመርጧቸውን ብቻ ያስከትሉ። ይህን ምክር የሚያስቀይረኝ ሁለት ነገር ነው፤ ዌልስ ለልጅዎ የአልጀብራ መስመር አልሰጥም ካለ፣ ወይም የ6ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ከሌለው። ያን ጊዜ የሎተሪ ዝርዝሩን ያስፉ። የኪራዩ ልዩነት ትንሽ ክፍል እንኳ በሳምንት ሁለት ቀን ለጽሑፍ አስጠኚ ቢውል፣ ከኢ-ኤል የሚያስወጣትም 738ን ወደ 750 የሚያደርሰውም እሱ ነው።

የሎተሪው ውጤት ማርች መጨረሻ አካባቢ ይወጣል፤ በሎተሪ የደረሰ ቦታ እስከ ሜይ መጀመሪያ ድረስ ካልተመዘገበ ይታጣል። ለምዝገባ የነዋሪነት ማስረጃ ያስፈልጋል። በ45 ቀን ውስጥ የተቆረጠና የዲሲ ገቢ ግብር የተቀነሰበት የደመወዝ ወረቀት ካለ ብቻውን ይበቃል። ታክሲ ወይም ኡበር ለሚነዳ፣ የደመወዝ ወረቀትም ሌላ ብቻውን የሚበቃ ማስረጃም ለሌለው ቤተሰብ ግን ሁለት ማስረጃ ይጠየቃል፤ የዲሲ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ምዝገባ፣ የኪራይ ውል ከክፍያ ደረሰኝ ጋር፣ የመብራት ወይም የውኃ ቢል ከክፍያ ደረሰኝ ጋር። ስሙና አድራሻው በሁለቱም አንድ መሆን አለበት፤ ውሉ በባል ስም፣ ቢሉ በሚስት ስም ሆኖ የሚመለስ ብዙ ሰው አለ። 11 ዓመት የሞላት ልጅ የቴታነስና የማጅራት ገትር ክትባት ወረቀትም ያስፈልጋታል፤ ዲሲ ክትባት ያልጨረሰን ተማሪ ከማስጠንቀቂያ በኋላ ከክፍል ስለሚያስወጣ፣ የሐኪም ቀጠሮውን ኦገስት ሳይደርስ ይያዙ።